«ዱን» በዳግም ንባብ

በመጀመሪያ ንባብ «ዱን» የጀግና ታሪክ ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ኸርበርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1965 ያሳተመው ይህ ልብ ወለድ፣ የሰው ልጅ በከዋክብት መካከል ከተሠራጨ ከብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ ያለውን ዘመን ይተርካል። አባቱ የተገደለበት ወጣቱ ፖል አትሪዲስ በበረሃማዋ ፕላኔት በአራኪስ ወደሚኖሩት ፍሬመኖች ይሸሻል፤ እነርሱን አስከትሎም ንጉሠ ነገሥቱን ይጥላል። ውሃ በቦቴ ሲመላለስ ማየት ለለመደ የሐርጌሳ አንባቢ፣ የሟች ሰውነት ውሃ ሳይቀር ለጎሣው የሚመለስበት ይህ ዓለም ብዙም ባዕድ አይሆንበትም።

በዳግም ንባብ ግን ሌላ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ፍሬመኖች ፖልን «ማህዲ» ብለው የተቀበሉት ትንቢት ተፈጸመ ብለው ነው። ትንቢቱን ግን ቤኔ ጄሰሪት የተሰኘው የሴቶች ማኅበር፣ ለአባላቱ በችግር ቀን መጠጊያ እንዲሆን ከብዙ ዘመን በፊት ሆን ብሎ የዘራው ነው። ፖል ይህን ያውቃል፤ በስሙ የሚነሣው ጦርነትም አስቀድሞ ይታየዋል፤ ያም ሆኖ በእምነታቸው ይጠቀማል። በ1969 በታተመው ተከታይ መጽሐፍ ሒሳቡ ይወራረዳል፦ 61 ቢሊዮን ሙታን።

«ማህዲ» ለአሜሪካዊው አንባቢ የሩቅ በረሃ ጌጥ ሊመስል ይችላል። ለአማርኛ አንባቢ ግን በ1888 የተቃጠለችውን ጎንደርንና በ1889 አፄ ዮሐንስ የወደቁበትን መተማን ያስታውሳል። የማህዲን ተከታዮች አማርኛ «ድርቡሽ» ይላቸዋል። ይኸው ቃል በሶማልኛ «ዳራዊሽ» ሆኖ፣ ከ1899 እስከ 1920 በሰይድ ሙሐመድ አብዲሌ ሐሰን መሪነት እንግሊዝን የተዋጉትን ይጠራል፤ ብዙዎችም በኩራት ያነሡታል።

መጽሐፉን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው ፈተናው እዚህ ላይ ነው። «ማህዲ»ን «አዳኝ» ብሎ ቢተካው ንባቡ ይለሰልሳል፤ ማስጠንቀቂያው ግን ይደበዝዛል። ቃሉን እንዳለ ቢተወው አንባቢው ፖልን ገና ከጅምሩ በጥርጣሬ ያየዋል፤ ኸርበርት ጀግናውን አስወድዶ ኋላ ሊያስደነግጥ ያጠመደው ወጥመድም ይከሽፋል።

ቢሆንም ቃሉን መተው ይሻላል። የልብ ወለዱ ዋነኛ ጉድለት ጦርነቱ ያወደማቸው ፕላኔቶች ሰዎች ድምፅ እምብዛም አለመሰማቱ ነው፤ በአብዛኛው በቁጥር ተጠቅሰው ያልፋሉ። ጎንደርን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ጎዶሎ ራሱ ይሞላዋል። ሐርጌሳ ተቀምጦ የሚያነብ ደግሞ፣ ያው ስም በጎረቤቱ አፍ የነፃነት ስም ሆኖ ሲጠራ ስለሚሰማ፣ ፍሬመኖች ለምን እንደ ተከተሉት አይጠፋውም።