«ጥቃቅን ነገሮች» የተባለው ተውኔትና የተበዳይ ቃል

አሜሪካዊቱ ደራሲ ሱዛን ግላስፔል የጻፈችው «ጥቃቅን ነገሮች» የተባለው ባለ አንድ ገቢር ተውኔት፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1916 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በፕሮቪንስታውን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። አጭር ሥራ ነው፤ ነገር ግን በገዛ ቤቷ የምትበደል ሴት በማን ዘንድ ትታመናለች የሚለውን ከባድ ጥያቄ ስለሚያነሣ፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊመረመር ይገባዋል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ በተኛበት በገመድ ታንቆ ይገኛል፤ ሚስቱ ሚኒ ራይትም ተጠርጥራ ትታሰራለች። ዐቃቤ ሕጉ፣ የፖሊሱ ሹምና አንድ ጎረቤት ማስረጃ ለመፈለግ ወደ ቤቱ ሲመጡ፣ የሹሙ ሚስትና የጎረቤቱ ሚስት ወይዘሮ ሄል አብረው ይመጣሉ። ወንዶቹ ማድ ቤቱን በንቀት አልፈው ፎቁንና በረቱን ሲበረብሩ፣ ሴቶቹ ስፌቱ ድንገት የተዛባ የአልጋ ልብስ፣ በሩ የተሰበረ የወፍ ቤት፣ በመጨረሻም አንገቷ ተጠምዝዞ በሣጥን የተቀመጠች ዘፋኝ ወፍ ያገኛሉ። ሚኒ ያሳለፈችውን ኑሮ ከእነዚህ ዕቃዎች ይረዳሉ፤ ወፏንም ከሕግ ሰዎቹ ይሰውራሉ።

የደራሲዋ ታላቅ ብልኀት ተበዳይዋን ጨርሶ ወደ መድረክ አለማውጣቷ ነው። ከዚህም የተነሣ ተመልካቹ ራሱ እንደ ሁለቱ ሴቶች ከዕቃው ላይ ምስክርነት ለመሰብሰብ ይገደዳል። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን የወይዘሮ ሄል ጸጸት ነው፤ የቤቱን ጨለማነት እያወቀች ከዓመት በላይ ደጃፉን ባለመርገጧ ራሷን በደለኛ ታደርጋለች።

ይሁን እንጂ አንድ ጉድለት እናይበታለን። ተውኔቱ የፈለቀው ከእውነተኛ ነገር ነው። በ1900 ዓ.ም. መጨረሻ በአዮዋ ግዛት ጆን ሆሳክ የተባለ ገበሬ በአልጋው ላይ በመጥረቢያ ተመትቶ ሲሞት፣ ሚስቱ ማርጋሬት ተከሰሰች፤ ያን ጊዜ ጋዜጠኛ የነበረችው ግላስፔልም ነገሩን እየተከታተለች ጻፈች። ማርጋሬት ዝም ያለች ሴት አልነበረችም፤ የባሏን ቍጣ ለጎረቤቶቿ ነግራ ነበር። ያ ንግግሯ ግን እንደ አቤቱታ አልተቈጠረላትም፤ ለመግደል ምክንያት ነበራት ተብሎ በችሎት ተጠቀሰባት እንጂ። በ1901 ተፈረደባት፤ በ1902 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረ፤ በ1903 በተደረገው ሁለተኛ ችሎትም ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች መስማማት ስላልቻሉ ነጻ ወጣች። ከፈራጆቹ መካከል አንዲትም ሴት አልነበረችም።

እንግዲህ ግላስፔል የተናገረችውን ሴት ወስዳ ዝምተኛ አደረገቻት። ይህ ለተውኔቱ ውበት ቢሰጠውም ለተመልካቹ ሥራውን አቀለለት። ያልተናገረችን ሴት ማመን አይከብድም፤ የምናገላብጠው ቃል የላትም፤ የሞተችው ወፍም ምስክር ሆናላታለች። ተናጋሪዋ ግን ቀኑን ስትስት፣ ዛሬ ከስሳ ነገ ስትታረቅ፣ በዳይዋም በአደባባይ የተከበረ ሰው ሆኖ ሲገኝ፣ ልባችን ወደ ጥርጣሬ ያዘነብላል።

በአገራችንም የትዳርን ገመና መሸፈን እንደ ጨዋነት ሲቈጠር ኖሯል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. (በእኛ አቈጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም የኀይል ድርጊት እንደሚያስቀጣ ደንግጓል። ሕጉ ግን የሚሠራው አቤቱታውን የሚቀበል ጆሮ ሲገኝ ነው።

«ሰውን በቃሉ ብቻ ማመን ንጹሑን ያስጠቃል» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማመን መፍረድ አይደለም። አቤት ያለችውን ሳይገሥጹ መስማት፣ ቃሏን መመዝገብ፣ ከጉዳት መጠበቅ፣ ነገሩንም በትጋት መመርመር ማለት ነው። በተውኔቱ ውስጥ ወንዶቹ ማስረጃውን ያጡት በጥንቃቄያቸው ብዛት ሳይሆን በንቀታቸው ነው።

ስለዚህ ይህን ተውኔት የሚያስተምሩ መምህራን ከሚኒ አጠገብ ማርጋሬትንም እንዲያስታውሱ እንመክራለን። ወይዘሮ ሄል ጎረቤቷን የተረዳቻት ሰው ከሞተ፣ እስር ቤቱም ከተዘጋ በኋላ ነው። ተማሪው ከዚህ ሊማር የሚገባው፣ የተበዳይን ቃል ገና በሕይወትና በነጻነት ሳለች መስማትን ነው።