አንድ ተውኔት፣ ሁለት መድረክ

እስኪ «መጣህ?» የሚለውን ቃል ጮክ ብላችሁ በሉት። አሁን ደግሞ ሦስት ዓመት ያላያችሁት ወንድማችሁ በድንገት በሩን ከፍቶ ሲገባ በምትሉበት ድምፅ ድገሙት። ቀጥሎ፣ ፀሐይ ላይ ሁለት ሰዓት ላስጠበቃችሁ ጓደኛ። ቃሉ ያው ነው፤ የተባለው ነገር ግን ሌላ ነው። የቴአትር ትምህርት የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። ለረጅም ጊዜ «ተውኔቱን ካነበብኩት ምን ቀረኝ?» እል ነበር። ለካ ንድፉን እያየሁ ሕንፃውን ያየሁ መስሎኝ ኖሯል! ይህን ያስተማረኝ የአንቶን ቼኾቭ «የባሕር ወፍ» የተባለው ተውኔት ታሪክ ነው።

ሐኪምም ደራሲም የነበረው ቼኾቭ ይህን ሥራውን በ1896 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ፣ አሌክሳንድሪንስኪ ቴአትር ሲያሳይ ተመልካቹ ሳቀበት፤ አፏጨበትም። ቼኾቭ ሁለተኛ ተውኔት አልጽፍም ብሎ ከተማውን ለቆ ሄደ። በ1898 ግን ሥራው በሞስኮ አርት ቴአትር ቀርቦ በጭብጨባ ተቀበሉት። ምን ተለወጠ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ «አዘጋጁ» የሚል ነው። እውነት አለው። በፒተርስበርግ ልምምዱ ዘጠኝ ቀን ገደማ ብቻ ነበር። በሞስኮ ግን ስታኒስላቭስኪና ኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ብዙ ተለማምደው፣ እንቅስቃሴውንም ዝምታውንም አስቀድመው አቅደውታል።

ግን ቆይ! ሁለት ነገር በአንዴ ከተለወጠ ውጤቱን ለአንዱ ብቻ መስጠት አይቻልም። የፒተርስበርጉ የመጀመሪያ ምሽት ለአንዲት ታዋቂ የኮሜዲ ተዋናይት ክብር የተዘጋጀ ስለነበር፣ ብዙው ሰው የመጣው ሊስቅ ነው። በዚያው መድረክ፣ በቀጣዮቹ ምሽቶች አቀባበሉ ተሻሽሏል። ስለዚህ ተመልካቹም የሥራው አካል ነው።

ስታኒስላቭስኪም ቢሆን እንከን አልነበረውም። መድረኩ እውነተኛ እንዲመስል ከጀርባ እንቁራሪት ያስጮህ፣ ውሻ ያስጮህ ነበር፤ ቼኾቭ ግን መድረክ ጥበብ ነው ብሎ አልተስማማም። እኔም ከቼኾቭ ጋር ነኝ። እውነተኝነት በእንቁራሪት ብዛት አይለካም፤ አንድ ሰው መናገር ፈልጎ ዝም ሲል በሚሰማን ነገር እንጂ።

እናንተም ሞክሩት። የሁለት ሰው አጭር ንግግር ምረጡና ከጓደኛችሁ ጋር ተጫወቱት። ቃሉን ሳትነኩ በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፦ አንዴ በመካከላችሁ ያለውን ርቀት፣ አንዴ የዝምታውን ርዝመት። የሚያያችሁን ሰው «ጥሩ ነው?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ምን ተረዳህ?» በሉት። መልሱ ከዙር ዙር ከተለያየ፣ ቴአትር መሥራት ጀምራችኋል። ከዚያ በኋላ ቴአትር ቤት ስትገቡ ደግሞ አንድ ነገር አስታውሱ፦ እናንተም ሙከራው ውስጥ ናችሁ።