ሠላሳ ፒክሰል ጨረቃ

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ጨረቃ ስትጋረድ አንበሳሜ፣ እናቴ ደጅ ቆሜ ነበር። ከምሽቱ 2፡30 እስከ 3፡52፣ ለ82 ደቂቃ፣ ሙሉ በሙሉ የምድር ጥላ ውስጥ ነበረች። በደመናው ክፍተት በስልኬ ያነሳኋት የምስር ክክ ታክላለች።

በማግስቱ ቴሌግራሙን ያጥለቀለቀው ፎቶ ሌላ ነው፦ ከኮረብታ ጫፍ ብቅ ያለች፣ ጎጆ የምታህል ቀይ ጨረቃ። ያምራል፣ አልክድም። ሒሳቡ ግን እምቢ ይላል። ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ነው፤ 4000 ፒክሰል ስፋት ባለው ተራ የስልክ ፎቶ 30 ፒክሰል አትሞላም። ረጅም ሌንስ ታተልቃለች እንበል። ግን እኛ አገር ሙሉ በሙሉ ስትጋረድ ከአድማስ 30 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብላ ነበር። ኮረብታ ላይ ምን አስቀመጣት?

ሁለት ፎቶ ማጣመር ነውር አይደለም፤ ነውሩ አጣምሬያለሁ ብሎ አለመጻፍ ነው። እናቴ ፎቶውን አይታ፣ «ልጄ፣ እኛ ያየነው ሌላ ነው እንዴ?» አለችኝ። በዓይኗ ያየችውን አስካዳት። እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

የኔዋ ደብዛዛ ናት፣ ትንሽ ናት። ግን እዚያ ነበረች። አላጠፋትም።