የውሃ ፓምፕ ሥራ በምን ይመዘናል?

ደጎሎ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ከፍታ ባለው አገር፣ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የአብዛኛው መኪና ሞተር ደግሞ በደህናው ቀን የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን በዚሁ ከፍታ የመፍያውን ሙቀት ወደ 114 ዲግሪ ያደርሰዋል። ክዳኑ ግፊት መያዝ የሚችለው ግን ሌላው ሁሉ ጥብቅ ሲሆን ነው። ፓምፑ ማንጠብጠብ ከጀመረ ውሃውም ግፊቱም አብረው ይወርዳሉ። ሜዳ ላይ ሳምንት ያስኬደ ጠብታ፣ ከወንጪት ሸለቆ ወደ ደጎሎ ወይም ከዓባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም በሚያወጣው ዳገት ላይ ሞተር ያፈላል። ስለዚህ በዚህ አገር «ትንሽ ናት፣ ውሃ እየጨመርክ ንዳው» የሚል መካኒክ ሥራውን ገና አላወቀም።

ጥሩ ባለሙያ የሚለየው ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ነው። በብዙ የናፍጣ መኪኖች ላይ ቬንትላተሩ የታሰረው ከፓምፑ ዘንግ ጋር ስለሆነ፣ ከፓምፑ የወጣውን ውሃ ነፋሱ ወደ ኋላ ይበትነዋል። የሞተሩ ፊት በሙሉ ይረጥባል፤ የረጠበው ቦታ ሁሉ ግን የሚያፈስ ቦታ አይደለም። ከላይ ያለው የቴርሞስታት ቤት ወይም የተሰነጠቀ የላይኛው ጎማ ቱቦ ሲያፈስም ውሃው በፓምፑ ላይ ይወርድና ፓምፑን ጥፋተኛ ያስመስለዋል። ዐዋቂው መካኒክ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቃል፣ ፊቱን አጥቦ ያደርቃል፣ ከዚያ የግፊት መሞከሪያ በራዲያተሩ አፍ ላይ አስሮ በእጁ እየነፋ ክዳኑ ላይ እስከተጻፈው ልክ ያደርሰዋል። ሞተሩ ስለጠፋ ቬንትላተሩ ውሃውን አይበትነውም፤ ጠብታው ከየት እንደሚጀምር በባትሪ ይታያል። መሞከሪያው የሌለው ጋራዥ ሞተሩን አሙቆ ያጠፋና ወዲያው ያያል፤ ሞተር ሲጠፋ የውሃው ዝውውር ስለሚቆም ሙቀቱና ግፊቱ ለጥቂት ደቂቃዎች ይጨምራሉ፣ የተደበቀው ቀዳዳም ያኔ ይገለጣል። መካኒኩ ጣቱን ዘርግቶ «ከዚህ ነው» ብሎ ካላሳያችሁ ፓምፕ እንዲቀይር አትፍቀዱለት።

ከፓምፑ ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ብዙ ሰው የፋብሪካ ጉድለት ትመስለዋለች፤ ሆን ተብላ የተሠራች ናት። በዘንጉ ላይ ውሃውን የሚያግድ ሲል አለ፣ ከሲሉ ቀጥሎ ኩሽኔታው ይገኛል፣ ቀዳዳዋ በሁለቱ መካከል ናት። ሲሉ ሲያልቅ ሾልኮ የመጣው ውሃ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ቅባቱን ከማጠቡ በፊት በእርሷ ይወጣል። አዲስ ፓምፕ በመጀመሪያው ሰሞን ትንሽ እርጥበት ሊያሳይ ይችላል፤ ቀዳዳዋ ዙሪያ ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ቀይ ቅርፊት ከተጋገረ ወይም ውሃ ከተንጠለጠለ ግን የፓምፑ ዕድሜ አልቋል። ይህችን ቀዳዳ በማጣበቂያ የሚደፍን ሰው አለ። ጠብታው ለጊዜው ይቆማል፣ ውሃው ግን ወደ ኩሽኔታው ይሄዳል፤ ኩሽኔታው ሲፈርስ ዘንጉ ይወላገዳል፣ ቬንትላተሩም ራዲያተሩን ይቆርጠዋል። ከዚህ የከፋ የፓምፕ ሥራ አላውቅም። በራዲያተር ውስጥ የሚጨመር መድፈኛም ሆነ አንዳንድ ሹፌሮች የሚጨምሩት እንቁላልና በርበሬ የሚሽከረከር ሲልን አይጠግንም፤ ጠባቦቹን የራዲያተር ቱቦዎች ግን ይደፍናል።

ሞተሩ እንደጠፋ የቬንትላተሩን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነቅንቁት። ዘንጉ ከፑሌጃው ጋር ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው አልቋል። አንድ ነገር ደግሞ አብሮ ይታይ፦ ሞተሩ እየሠራ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ ወይም ዘይቱ ወተት የመሰለ እንደሆነ፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል። የተቃጠለ ጋዝ ውሃውን እየገፋ ደካማውን ቦታ ያፈነዳል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ አዲስ ፓምፕ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ዕቃው ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚላክ ከሆነ አሮጌው ፓምፕ ናሙና ሆኖ ይሂድ፤ የሞተሩ ቁጥርም ተጽፎ አብሮት ይላክ። ሲመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ፦ የክንፎቹ ብዛትና ጥልቀት፣ የቡሎኖቹ ቀዳዳ፣ የዘንጉ ርዝመት። በእጅ ሲዞር ያለ ኩርኩርታ፣ በትንሽ ተቃውሞ መዞር አለበት።

የእጅ ሥራው ልዕልና የሚታየው ግን ማንም በማያየው ቦታ ነው፤ ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ፊት ላይ። አሮጌው ጓርኒሲዮን እንደ ቆዳ ተጣብቆ ይቀራል። ትዕግሥት የሌለው በካቻቪቴ ይፍቀዋል፤ አሉሚኒየሙ ይጫራል፣ ጭረቱም የውሃ መንገድ ይሆናል። ጠንቃቃው ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ይሸፍናል፣ በጠፍጣፋ ስለት ቀስ ብሎ ይፍቃል፣ በቤንዚን ይወለውላል፣ በጣቱም ይዳስሳል። ፓምፑ ከወረቀት ጓርኒሲዮን ጋር ከመጣ ሲሊኮን መደራረብ አያስፈልግም። በሲሊኮን ብቻ የሚገጠም ከሆነ ደግሞ ቀጭን መስመር፣ ሳይቋረጥ፣ በቡሎኖቹ ቀዳዳ ውስጠኛ በኩል። ወደ ውጭ ብዙ ተጨምቆ የሚታይ ሲሊኮን ደንበኛን ያረካ ይሆናል፤ እኔን ግን ያሳስበኛል፣ ያንኑ ያህል ወደ ውስጥም ተጨምቋልና፤ ተቆርጦ ራዲያተሩ ውስጥ ይቀራል። ቡሎኖቹ በተራ ሳይሆን በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በደረጃ ይጠብቃሉ። ሲሊኮኑ እንዲደርቅ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ሰዓት ይጠበቅ። ሹፌሩ ተሳፋሪ አሰልፎ ቢያጣድፈውም «ጋሼ፣ ይደር» የሚል ልጅ ካገኛችሁ ደንበኝነታችሁን ለእሱ ስጡት።

ቺንጋው ከመጠን በላይ ከተወጠረ አዲሱን ኩሽኔታ ይገድላል። በብዙ መኪኖች ላይ በአውራ ጣት መሐሉን ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት።

ከዚያ ሙሌቱ። የምንጭም የጉድጓድም ውሃ ማዕድን አለው፤ ሲሞቅ በራዲያተሩ ቱቦ ውስጥ ይጋገራል። ግማሽ ኩላንት ከግማሽ የተጣራ ውሃ ጋር ዝገትን ይከላከላል፣ የፓምፑን ሲልም ይጠብቃል። መኪናው አፍንጫውን ወደ ዳገት አድርጎ ይቁም፣ ማሞቂያው ይከፈት፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ድረስ አየሩ እየወጣ ቀስ በቀስ ይሞላ። ክዳኑም ይታይ፦ ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

ሒሳብ ከመዝጋታችሁ በፊት አሮጌውን ፓምፕ ተቀበሉ፤ የደበቀው ሰው መቀየሩን ማስረዳት አለበት። መኪናው ሞቆ ዳገት ይቅመስ፣ ተመልሶ ንጹሕ ካርቶን ላይ ይደር። በማግስቱ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ክፈቱ። ውሃው በመጠኑ ከወረደ አየር ወጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉና አንድ ቀን ጨምራችሁ ተከታተሉ። ሁለተኛ ከወረደ ወይም ካርቶኑ ከረጠበ ሥራው አላለቀም፤ ወንጪት ሳትወርዱ መልሱት።