ከጭሱ የተለየ ዕቃ

በጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ «የፋርስ ፖርሴሊን፣ በእጅ የተሳለ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት የሚሸጥ ሆደ ሰፊ ዕቃ አለ። የሺሻ የውሃ ዕቃ ነው። ዘንጉ ወልቆ፣ እሳት የሚያርፍበት አናቱ ጠፍቶ፣ ሆዱ ብቻ የአበባ ማስቀመጫ ወይም የመብራት እግር ይሆናል። ማማሩን የሚክድ የለም። ለመሆኑ የተለጠፈበት ስምስ እውነት ነውን?

በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በሳፋቪዶች ዘመን፣ የከርማን ሸክላ ሠሪዎች ይህን ዕቃ የሠሩት የቻይናን ሰማያዊና ነጭ ፖርሴሊን እያዩ ነው። ያቦኩት ግን የተፈጨ ኳርትዝ፣ የመስተዋት ዱቄትና ጥቂት ነጭ አፈር ነበር። ከሩቅ ፖርሴሊን ይመስላል እንጂ ፖርሴሊን አይደለም። ይህ ግን አያሳንሰውም። ሠዓሊው የቻይናውን ሥዕል ሲቀዳ፣ በአንዳንዱ ላይ ከሰማያዊው ጎን የራሱን ቀይና አረንጓዴ አበባ አክሏል። ውበቱም ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ከቀጂው እጅ ባመለጠው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. ከ1848 እስከ 1896 የነገሠው የናስረዲን ሻህ መልክ የተሳለባቸው የውሃ ዕቃዎች ብቅ አሉ፤ ከእነዚህም መካከል የአውሮፓ ፋብሪካዎች ለፋርስ ገበያ ብለው የሠሯቸው ይገኙበታል። እንግዲህ የፋርሱ ፖርሴሊን አይደለም፤ ፖርሴሊኑም የፋርስ አይደለም ማለት ነው።

ሰብሳቢው የሚስተው ሌላም ነገር አለ። ሻሁ የትምባሆውን ንግድ ለአንድ እንግሊዛዊ በሰጠ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 መጨረሻ በታላቁ የሃይማኖት መሪ በሚርዛ ሺራዚ ስም የወጣው ቃል ትምባሆን ከለከለ። ሕዝቡ ሺሻውን አስቀመጠ። በቤተ መንግሥቱ ያሉ ሴቶች ሳይቀሩ እንደተዉት ይነገራል። በ1892 መጀመሪያ ውሉ ተሰረዘ። ያ ሁሉ ሆድ በአንድ ሰሞን ጸጥ ማለቱ ንጉሥን ወደ ኋላ መልሷል። በመብራት እግርነት የቆመው ዕቃ ይህን አይናገርም።

ጋያን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። የእኛው ጋያ ሆዱ ቅል ነው፤ «ናርጊሌ» የሚለው ስምም ከፋርስኛው የኮኮናት ስም የመጣ ነው። ዕቃው ከቅርፊት ተነሥቶ እስከ ሥዕል ደረሰ እንጂ ውሃና ጭስ መያዙን አልተወም። ስለዚህ ገዢ ሆይ፣ ሥዕሉን ከማድነቅህ በፊት ከምን እንደተሠራ፣ የት እንደተሠራና ለምን እንደተሠራ ጠይቅ። ሻጩ ሦስቱን ካልመለሰ፣ የሚሸጥልህ ቀለም ብቻ ነው።