ለአበል አለ፤ ለማንበብስ?

ሰሞኑን ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ቡና ይዘን አንድ ወጣት ሐኪም የምርምር ዕቅዱን አሳየኝ። ስለሚጥል በሽታ ነው። በጀቱ ውስጥ ነዳጅ አለ፣ ወረቀት አለ፣ የመረጃ ሰብሳቢ አበል አለ።

"አማካሪህስ አነበቡት?" አልኩት።

ሣቀ። "ፈርመውልኛል፣ ጋሼ።"

እነ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባስጠኑት ጥናት ከ60,820 ሰዎች 316ቱ የሚጥል በሽታ እንዳለባቸው ታወቀ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ስፔሻሊስት እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት! አንድ አዋቂ በሌላ አዋቂ እስኪተካ ይህን ያህል ይፈጃል። ታዲያ ያለንን አዋቂ ፈራሚ ብቻ እናድርገው?

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እኔም ሳላነብ የፈረምኩበት ወረቀት ነበር፤ አልክድም። የኔ ተማሪ ቢሳሳት አንድ ልብ ወለድ ያለአግባብ ይተቻል፤ ልብ ወለዱ አይሞትም። የዚህ ልጅ ስሕተት ግን መዘዙ ምድጃ ዳር ለሚጥላት ሕፃን ነው።

ገንዘብ መዳቢዎች ሆይ፣ ለአማካሪውም የንባብ ሰዓት መድቡለት። ከዚያ ፊርማውን ሳይሆን በቀይ እስክሪብቶ የሞነጫጨረውን ረቂቅ አምጣ በሉት።