ውሃ የሚተኛበት ሜዳ

የወይን ተክል ሥሩ ውሃ ውስጥ ከሰነበተ ይታፈናል፤ ስለዚህ ውሃ የሚያንጠፈጥፍ አፈር ይመረጥለታል። የፎገራ ሜዳ ግን ለሌላ ሰብል የተመቸ ነው። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተንጣሎ ይገኛል፤ ክረምት ሲገባ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ይተኙበታል፤ መረሬው አፈርም ውሃውን ቶሎ አያሰርግም። ሌላውን ሰብል የሚያበሰብሰው ይህ ውሃ ለሩዝ ሲሳይ ነው፤ አገዳው ውስጥ ባለው ክፍተት አየር እስከ ሥሩ ይወርድለታልና። በወረታ ከተማ ዙሪያ በ1970ዎቹ የተለመደው ሩዝ የአካባቢውን ኑሮ ለውጧል፤ ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ በገበሬው ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ሆኗል። ደስ የሚያሰኘው ደግሞ የገበሬው ብልሃት ነው፦ ሩዙ ሳይታጨድ በሥሩ ጓያ ይበትናል፤ ጓያውም በቀሪው እርጥበት ያለ ዝናብ ያፈራል።